ሸክላ ሠሪዋ ለምን በገል ትበላለች? የቀጨኔ እናቶች ታሪክና ለማኅበራችን ያለው ትምህርት

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባላል። ለሌላው ሙሉ ድስት እየሠራች እሷ በስባሪው ትመገባለች ማለት ነው። ተረቱ ሲነገር ሰው ይስቃል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ ጥያቄ ልንይዘው ወደድን። ደህናውን ሁሉ ሸጣ ለራሷ ገል የምታስቀረው ለምንድን ነው? የሸጠችበት ገንዘብስ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ የሚሠሩ አባሎቻችን ከተዘዋዋሪ ገንዘባችን ለማቃጠያ ዳስ የሚሆን ብድር ጠይቀዋል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለውሳኔ ይቀርባል። አንዳንዶቻችን «ሸክላ ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው፤ ፕላስቲክና ብረት ድስት ገበያውን ሞልቶት ገንዘባችን መና ይቀራል» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «የእናቶቻችን ሙያ ነው፤ መደገፍ አለበት» እንላለን። ሁለቱም ወገን ከመወሰኑ በፊት ሥራው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስገኝ ማወቅ ይገባዋል ብለን፣ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ የሄድን አባላት ጊዜ አብቃቅተን ቀጨኔ የሚገኙ ሸክላ ሠሪ እናቶችን ጎበኘን። ያየነውንና ስለ ታሪካቸው የተረዳነውን እነሆ።

መሬት ያጣ እጅ

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሴቶቹ ሸክላ በመሥራት፣ ወንዶቹ በሽመናና በብረት ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል። የብዙዎቹ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ወደ ሰሜን ሸዋ ይመዘዛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ቤተ መንግሥቱም፣ መኳንንቱም፣ ሠራዊቱም ባለ እጅ አስፈልጓቸው ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ጠላና ጠጅ የሚጣልበት ጋን፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ ሁሉ በእነዚህ ሴቶች እጅ የሚያልፍ ነበር። አዲሲቱ ከተማ ያለ እነሱ አንድ ቀን ምሳ አትበላም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የባለ እጅ ታሪክ ከአዲስ አበባ በፊት ይጀምራል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ክብር የሚገኘው ከመሬት ነበር። ርስት ያለው ሰው አራሽ ነው፣ ባላገር ነው። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል። የቤተ እስራኤል ትውፊት እንደሚለው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ሃይማኖታቸውን አንለውጥም ያሉት ርስታቸውን ተነጠቁ። ከዚያ በኋላ ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ግንብ ገነባ፤ ሴቷ ጭቃ አቦካች። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ዋና ከተማቸው ሲያደርጉ ከግንበኞቹ መካከል እነዚህ ባለ እጆች ነበሩበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰዎቹ ወደ እጅ ሥራ የገቡት መሬት ስለተከለከሉ ነው። በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠና ሥራው ራሱ የንቀታቸው ምክንያት ሆነ። ከእሳትና ከአፈር ጋር የሚውል ሰው ምሥጢር አለው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። «ቡዳ» የሚለው ስም ለሸክላ ሠሪዋም ለቀጥቃጩም ተሰጠ። ሰው ከገበያ የገዛውን ጀበና ቤቱ አስቀምጦ ቡና ይጠጣበታል፤ ጀበናዋን የሠራችውን ሴት ግን ልጁን እንድታይበት አይፈልግም። ከእሷ ቤተሰብ ጋር መጋባትማ የማይታሰብ ነበር። የተናቀ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። የተባለውን ተቀብሎ ከገበያ ቶሎ መውጣት ይቀለዋል። እንግዲህ የተረቱ ገል አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

አዋጅ ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ

አፄ ምኒልክ ይህ ንቀት አገር እንደሚጎዳ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተገኘ ነው፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ፣ ሌላውንም በየሥራው ስም እያወጡ መስደብ ሰነፍን ማብዛት ነው፤ ከእንግዲህ ባለ እጅን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ ይታሰራል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከንጉሥ አፍ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ይህ አዋጅ በግሉ ለማረስ ለሚፈልግ ማንኛውም ሰው የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። በወረቀት ደረጃ ባለ እጁ «ርስት የለህም» የሚባልበት ዘመን አበቃ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ የሴቶችም መብት የተጠበቀ መሆኑን ደነገገ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ደግሞ በማኅበር ተደራጅቶ ለመሥራት መንገድ ከፈተ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ሕግ ብቻውን ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለማሳየት ነው። አዋጁ ስድብን ሊያስቀጣ ይችላል። ሰው ምጣድ ሲገዛ ለሠራተኛዋ ድካም እንዲከፍል ግን አያስገድድም። ከምኒልክ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀጨኔ ያገኘናቸው አንዲት እናት ግን እንዲህ አሉን፤ «ልጄ ትምህርት ቤት የእናትሽ ሥራ ምንድን ነው ሲሏት የቤት እመቤት ናት ትላለች። ሸክላ ሠሪ ናት አትልም። እኔም አልፈርድባትም።»

ሥራው እንዴት ይሠራል

አፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል ወይም ይገዛል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከዚያም ይዘፈዘፋል። አንዱ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ የሚያያይዘውና የሚያጠነክረው ይደባለቃል። የተሰበረ ሸክላም ተፈጭቶ ይገባበታል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ስለዚህ ገል የሚጣል ነገር አይደለም። ትናንት የተሰበረው ለነገው አጥንት ይሆነዋል።

ጭቃው በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። መንኮራኩር የለም። እናቶቹ ጭቃውን እየጠቀለሉና እየደራረቡ፣ በጣታቸው እየሳቡ ቅርጹን ያወጡታል። የጀበና አንገትና ጡት ለብቻ ተሠርቶ ይቀጠላል። ዕቃው ጥላ ውስጥ ለቀናት ይደርቅና በለስላሳ ጠጠር ይፈተጋል። የሸክላው ወዝ የሚመጣው ከቀለም ሳይሆን ከዚህ መፈተግ ነው። በመጨረሻ ዕቃው ሜዳ ላይ ይከመርና በእንጨት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በጭድና በኩበት ይቃጠላል። ጥቁር እንዲሆን ከተፈለገ ገና ግሎ ሳለ በቅጠልና በጭድ ይታፈናል፤ ጭሱ ውስጡ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ ምጣድ ወደ ቤት ሲገባ በጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል። ዘይቱ በሙቀት ከሸክላው ጋር ተዋህዶ ጥቁርና ለስላሳ ፊት ይሠራል፤ እንጀራውም አይጣበቅም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ምጣድ እንኳ ሽቦውን ከስር ይዞ ከላይ ያለው ሰሌዳ ሸክላ ነው። ስለዚህ «ሸክላ ጊዜው አልፎበታል» ስንል የኮንዶሚኒየሙን ኩሽና ዘንግተን ነው። ዘመናዊ የምንለው ምጣድ የእነዚህን ሴቶች እጅ ተሸክሞ ይዞራል።

ከእናቶቹ አንዷን «እማማ፣ ይህቺ ጀበና ስንት ቀን ትፈጅብዎታለች?» ብለን ጠየቅናቸው። «ለብቻዋ አትቆጠርም ልጆቼ። እኔ የምቆጥረው በእሳት ነው» አሉን። አንድ እሳት ማለት በአንድ ጊዜ የሚቃጠለው ክምር ነው። በሂሳብ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ወጪውም፣ ኪሳራውም፣ ትርፉም የሚለካው በአንድ ጀበና ሳይሆን በአንድ እሳት ነው።

የአንድ እሳት ሂሳብ

ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን እኛ ወስነን እንየው። አንዲት እናት በአንድ እሳት 20 ጀበና አቃጠለች እንበል። አፈር 200 ብር፣ ማገዶ 500 ብር፣ ማጓጓዣ 300 ብር ቢፈጅባት ጠቅላላ ወጪዋ 1,000 ብር ነው። ነፋስ ወይም ካፊያ መጥቶ 4 ቢሰበርባት 16 ይቀሯታል። ነጋዴው እያንዳንዱን በ80 ብር ቢወስድላት 1,280 ብር ታገኛለች። ወጪዋ ሲቀነስ 280 ብር ይተርፋታል። ሥራው 6 ቀን ከፈጀ በቀን 47 ብር እንኳ አይሞላም።

አሁን ዋጋውን በ10 ብር እናስጨምር። 16 ጀበና በ90 ብር 1,440 ብር ይሆናል፤ ትርፉም 440 ብር ይደርሳል። ይህን ለማግኘት ግን ከነጋዴው ጋር መከራከር፣ ገበያ ላይ መቆም፣ ምናልባትም ሳይሸጡ መመለስ አለ።

ሌላ መንገድ እንይ። ዋጋው እዚያው 80 ብር ይሁንና ከሚሰበሩት 4 ጀበናዎች 2ቱ ይትረፉ። 18 ጀበና በ80 ብር ያው 1,440 ብር ይመጣል፤ ትርፉም ያው 440 ብር ነው። ሁለት ጀበና ከስብራት ማዳን በእያንዳንዱ ጀበና ላይ 10 ብር ከማስጨመር ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ከነጋዴው ጋር የሚደረገውን ክርክር ሁልጊዜ አናሸንፍም። ዝናብን ግን በጣሪያ ማሸነፍ ይቻላል። አባሎቻችን የጠየቁት ዳስ በሂሳብ ቋንቋ ሲነገር ይህ ነው።

የተረቱ ገል ሁለተኛው ምንጭም እዚህ ላይ ተገለጠ። ሸክላ ሠሪዋ በገል የምትበላው ከየእሳቱ የሚተርፋት ገል ስለሆነ ነው። የኪሳራው ሁሉ ተሸካሚ እሷ ብቻ ናት፤ ነጋዴው የሚወስደው ደህናውን ነው።

በባሕር ማዶ ያለ ምሳሌ

ባለ እጅን ማክበር ምን እንደሚያስገኝ ለማየት አንድ የሩቅ ምሳሌ እንጨምር። በጃፓን የባሕር ጠረፍ ዋጂማ የምትባል ከተማ አለች። ሰዎቿ የእንጨት ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ሠርተው ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ደም ይቀቡታል። ዛፉ ከ10 ዓመት በላይ አድጎ የሚሰጠው 200 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቅቡ እርጥብ አየር ውስጥ ነው የሚጠነክረው። በሚሰበረው ጠርዝ ላይ ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ከአካባቢው የሚቆፈር አፈርም ተቃጥሎና ተፈጭቶ ከቅቡ ጋር ይደባለቃል። አንድ ዕቃ ከመቶ በላይ የሥራ ደረጃ ያልፋል፤ እያንዳንዱም ደረጃ የራሱ ባለ ሙያ አለው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የቅርስ ሕግ ሕንፃና ሐውልትን ብቻ ሳይሆን በሰው እጅ ያለ ሙያንም እንደ ቅርስ ቆጠረች። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ባህላዊ የእጅ ሥራን የሚያበረታታ ሌላ ሕግ አወጣች። የዋጂማ ሥራ በሁለቱም ሕጎች ዕውቅና አገኘ። በዚያ አገር የተካነ ባለ እጅ አስተማሪ ተብሎ ሊጠራ ይችላል።

ይህ ማለት ችግር የለባቸውም ማለት አይደለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋጂማን መታ። የተነሣው እሳትም በዝነኛው የጠዋት ገበያ ዙሪያ ከ200 በላይ ቤቶችን አወደመ። የብዙ ባለ ሙያዎች መሥሪያ ቤት ፈረሰ። በዚያ ገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ገበያቸው ቢቃጠልም ማኅበራቸው አልተቃጠለምና በጥቂት ወራት ውስጥ ካናዛዋ ወደምትባል ከተማ ሄደው በኅብረት መሸጥ ጀመሩ። ቦታ ያጣች ሴት በማኅበሯ ቦታ አገኘች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እድርና እቁባችን የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ከአገራችን እናገኛለን። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የታወቀች ነበረች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያ በሰው እጅ ያለ ነገር ነውና ከሰው ጋር አብሮ ተሳፈረ። በኋላ በዚያው በወለቃ የችግረኛ ሴቶች የሙያ ማሠልጠኛ ሲከፈት ሥራው እንደገና ትምህርት ሊሰጥበት ግድ ሆነ። ከእናት ወደ ልጅ በነጻ ይተላለፍ የነበረው ነገር አሁን ገንዘብ ይጠይቃል።

ጋምቤላና የእኛ ድርሻ

ጋምቤላ ከንግድ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በ1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ እየመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፍ፣ ቡናና ሰም ይጭን ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ አገራችን እጅ ተመለሰ። ብዙ ሀብት በዚህ ወንዝ ላይ አልፏል። ይሁንና የመርከቡ መዝገብ የጻፈው የሚጫነውን ነው። በወንዙ ዳር ጭቃ እያቦካች ለቤተሰቧ የውኃና የጠላ ዕቃ የምትሠራዋን ሴት መዝገብ አልያዛትም።

እኛ ግን ልንይዛት እንችላለን። አባሎቻችን ከአኙዋም፣ ከኑዌርም፣ ከመዠንግርም፣ ከደጋም የመጣን ነን። በአኙዋና በኑዌር ዘንድ ሸክላ መሥራት የአንድ የተለየ ዘር ሥራ ተብሎ አይናቅም፤ የምትችል ሴት ትሠራለች። ይህ ቀጨኔዎች ያላገኙት ዕድል ነው። ከደጋ የመጣነውም ንቀቱን ከሻንጣችን ጋር ይዘን መምጣት አይገባንም። ሌላም ዕድል አለን፤ ሙቀታችን። የጋምቤላን ሐሩር የምታውቅ ሴት ሁሉ የሸክላ ውኃ ከጀሪካን ውኃ እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለች። ሸክላው ውኃውን በጥቂቱ ያዥጎደጉዳል፣ ያዠው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ፍሪጅ በሌለበት፣ መብራትም በሚጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንቅፋቱም ግልጽ ነው። ዝናባችን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ብርቱ ነው፤ ሜዳ ላይ ማቃጠል በእነዚህ ወራት ይቆማል ወይም ብዙ ይሰበራል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ማገዶው ከጫካችን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብድሩን ስንወስን ሦስት ነገር አብረን ብንወስን መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ ዳሱ የጋራ ይሁንና ጭስ የሚያስወጣ ከፍ ያለ ጣሪያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ እሳት በደብተር ይያዝ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ተሰበረ፣ ማገዶው ስንት ፈጀ የሚለው ይጻፍ። መጻፍ የማትችል አባል በጠጠር ወይም በምልክት ትያዘው፤ የሂሳብ ክፍላችን ወደ ደብተር ይገለብጠዋል። ሦስተኛ፣ የሠራተኛዋ ቀን በወጪ ውስጥ ይቆጠር። የራሷን ድካም በዜሮ የምታስገባ ሴት በየገበያው ከስራ ትመለሳለች፤ ከስራ መመለሷንም አታውቀውም።

ለጋሾቻችንም አንድ ቃል አለን። ለስፌት መኪናና ለዶሮ እርባታ ያደረጋችሁልን ድጋፍ ፍሬ አፍርቷል። ሸክላ ግን በብዙ የዕርዳታ ዕቅድ ውስጥ እንደ ባህል ማሳያ እንጂ እንደ ሥራ አይገባም። ለኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚወጣው ለእነዚህ እናቶች ይበልጥባቸዋል።

ባለ እጅን ያስከበረው አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የቀረውን ንግሥትም ንጉሥም አያውጅልንም፤ በየደብተራችንና በየጉባኤያችን የምንጨርሰው ነው። በጉባኤው ዕለት እጃችንን ስናወጣ የምንወስነው ስለ አንድ ዳስ ብቻ አይደለም። ደህናውን ድስት ማን ቤት እንደሚገባም እንወስናለን።